የቆየ የቤት የኤሌክትሪክ መስመርና የምጣድ ቅያሬ

የቆየ የቤት የኤሌክትሪክ መስመር የሚባለው ከቆጣሪ እስከ ሶኬት ቀደም ብሎ የተዘረጋው ሽቦ ከነብሬከሩና ከነመገጣጠሚያው ነው። በኢትዮጵያ ይህ መስመር በብዛት የሚፈተነው ምድጃ በእንጀራ ምጣድ ሲተካ ወይም አሮጌ ምጣድ በአዲስ ሲቀየር ነው። ማገዶ እንደ ልብ በማይገኝበት በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በዋና ከተማው በሰቆጣም ጭምር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ብዙ ኃይል የሚወስደውም እሱ ነው።

የጭነት ስሌት

የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። 1,500 ዋት የሆነ ነጠላ ምድጃ 7 አምፒር ያህል ሲስብ፣ 3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፒር ያህል ይስባል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፒሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ምድጃውን በምጣድ የተካ ቤት ሽቦው ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይጭናል። ስለዚህ «ተሰክቶ ከሠራ መስመሩ ይችለዋል» የሚለው ግምት ስህተት ነው።

በተለምዶ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለመብራት፣ 2.5 ለሶኬት ይዘረጋል። 2.5 ሽቦ ምጣድን የሚችለው በጠባብ ልዩነት ነው። ሌላ ዕቃ በዚያው መስመር ላይ ከተጨመረ ወይም መስመሩ ረጅም ከሆነ አይበቃም። ለምጣድ ብቻ የተለየ የ4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ይመረጣል።

ብሬከር

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በ1.5 ሽቦ ላይ የተገጠመ 10 አምፒር ብሬከር ጥቂት እንጀራ እንደተጋገረ ቢወርድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሥራውን ሠርቷል። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን በ25 አምፒር መተካት፣ ወይም የተቃጠለ ፊውዝን በተራ የሽቦ ክር ማሰር፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል።

የመስመሩ ምርመራ

መስመሩ ከመፈተሹ በፊት ዋናው ብሬከር ይጠፋል፤ ኃይል አለመኖሩም በቴስተር ይረጋገጣል። ሶኬቱ ሲከፈት የጠቆረ ፕላስቲክ፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ሽፋን ወይም የላላ ብሎን ከታየ ያ ክፍል ይቀየራል። አብዛኛው ቃጠሎ የሚነሳው ከሽቦው መሃል ሳይሆን ከመገጣጠሚያ ነው፤ በተለይ ተጠማዝዞ በፕላስተር ብቻ ከተጠቀለለ። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተጠማዘዙም መገናኛው ቀስ በቀስ ይዝግና ይሞቃል። በዓይን የማይታየውን የሽፋን ድካም ባለሙያ በ500 ቮልት መለኪያ ይፈትሻል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ መስመሩ ለአገልግሎት አይበቃም።

ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። በቀን የጋለ ቆርቆሮ ሥር የሚያልፍ ሽቦ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚቸግረው የሚችለው ጭነት ይቀንሳል። ሽፋኑ በቆርቆሮ ጠርዝ ከተፋቀ ደግሞ ክዳኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ማሳለፍ ሁለተኛውን አደጋ ይከላከላል፤ የመጀመሪያውን ግን አይፈታም።

ብዙ የቆዩ መስመሮች ፌዝና ኒውትራል ብቻ ስላላቸው የመሬት መስመር የላቸውም። ሊጥ የሚፈስበት፣ እርጥብ እጅ የሚነካው ምጣድ ያለ መሬት መስመር መሥራት የለበትም። መሬት መስመሩ ከ30 ሚሊ አምፒር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ጋር ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

የተቀጠለ ሬዚስታንስ

የምጣድ ሬዚስታንስ ሲበጠስ ጫፎቹን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። በተቀጠለ ቁጥር ግን ሬዚስታንሱ ያጥራል፤ የሚስበው አምፒርም ይጨምራል። ቮልቴጅ ሲወርድ ጉዳቱ ይደበቃል፦ በ180 ቮልት ምጣዱ የሚሰጠው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ «ደከመ» ይባልና አንዳንዴ ሬዚስታንሱ ሆን ተብሎ ያጥራል። ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ትርፍ ጭነቱ ያረፈው በዚያው አሮጌ ሽቦ ላይ ነው። ጥገና ከተደረገ በኋላ አምፒሩን በክላምፕ ሜትር መለካት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።