ለወረቀት የተገዛ ቅዝቃዜ

በ1902 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረው ሳኬት ኤንድ ዊልሄልምስ ማተሚያ ቤት ከወረቀት ጋር ትግል ገጥሞ ነበር። በዚያ ዘመን ባለቀለም ሥዕል የሚታተመው ቀለሞቹን በየተራ በመደረብ ነው፤ ቢጫው ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ቀዩ ይከተላል። በመሃል አየሩ ከረጠበ ወረቀቱ ይለጠጣል፤ ከደረቀ ደግሞ ይኮማተራል። ሁለተኛው ቀለም ሲመጣ ቦታውን ይስትና የሥዕሉ ከንፈር ቀለም ጉንጭ ላይ ያርፋል። ሉሁ ይጣላል፣ ቀለሙም ይባክናል።

ችግሩ የደረሰው ቡፋሎ ፎርጅ በተባለ ድርጅት ውስጥ በሳምንት 10 ዶላር ይከፈለው ለነበረው ወጣት መሐንዲስ ለዊሊስ ካሪየር ነው። ዕድሜው 25 ነበር፤ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀም ገና አንድ ዓመቱ። ጁላይ 17 ቀን 1902 ንድፉን ጨረሰ። አየሩ በቀዝቃዛ ቱቦዎች መካከል እንዲያልፍ አደረገ፤ ከፊሎቹ ቱቦዎች የጉድጓድ ውኃ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከአሞኒያ ማቀዝቀዣ የመጣ ቅዝቃዜ ነበራቸው። አየር ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት ይጥላል። ግቡም ክረምት ከበጋ የማተሚያ ቤቱን አንጻራዊ እርጥበት 55 በመቶ ላይ ማቆየት ነበር።

የዚህን መሣሪያ ጉልበት የለኩት በበረዶ ነው። ለብዙ ዘመን ቅዝቃዜ ማለት በክረምት ከሐይቅ ተቆርጦ፣ በመጋዝ ብናኝ ተሸፍኖ፣ በሚዛን የሚሸጥ በረዶ ነበርና ሌላ መለኪያ አላስፈለጋቸውም። የብሩክሊኑ መሣሪያ በቀን 108,000 ፓውንድ፣ ማለትም 49,000 ኪሎ ገደማ በረዶ ቢቀልጥ የሚገኘውን ቅዝቃዜ እንዲሰጥ ታቀደ። በአሜሪካ ቶን 54 መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ የወጣው ለወረቀቱ ነው። በማተሚያው ሥር ላብ ሲያጠምቃቸው የዋሉት ሠራተኞች በሒሳቡ ውስጥ አልነበሩም። ጥጥ መፍተያዎችም የተከተሉት ያንኑ መንገድ ነው፤ ደረቅ አየር ፈትሉን ይበጥሰዋል፣ ስለዚህ አየሩ መርጠብ ነበረበት። በ1906 ከሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና የመጣው መሐንዲስ ስቱዋርት ክሬመር ለጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች ንግግር ሲያደርግ ለዚህ ሥራ «ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚል ስም አወጣለት። በዓመቱ የካሪየር መሣሪያ ባሕር ተሻግሮ ዮኮሃማ፣ ጃፓን ውስጥ በአንድ የሐር ፋብሪካ ተተከለ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራው ስም የወጣው ለክር ሲባል መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

ዋጋው የትልቅ ፋብሪካ ዋጋ ነበር። የማሽን ክፍል መሥራት፣ በጣሪያ ሥር ሰፋፊ የቆርቆሮ ቱቦ መዘርጋት፣ መሣሪያውን የሚጠብቅ ባለሙያ መቅጠር ይጠይቃል። የሚያዋጣውም የሚበላሸው ዕቃ ከመሣሪያው ለሚበልጥበት ባለሀብት ብቻ ነው። ከዚያ ተራው የደረሰው ትኬት ለሚገዛ ሰው ሆነ፤ በ1925 ታይምስ ስኩዌር አካባቢ የነበረው ሪቮሊ ሲኒማ ተመልካቾቹን በካሪየር መሣሪያ ማቀዝቀዝ ጀመረ። አናጢው፣ መካኒኩና ብረት ሠሪው ግን በራቸውን ከፍተው፣ ቬንትሌተር አዙረው መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ለትንሹ ወርክሾፕ መንገድ የተከፈተው በጃፓን ነው። የጃፓን ቤቶች ቆርቆሮ ቱቦ የሚዘረጋበት ሰፊ ጣሪያ አልነበራቸውም፤ ቤተሰቡም የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው የተቀመጠበትን ክፍል ብቻ ነበር። በ1961 ቶሺባ መሣሪያውን ለሁለት ከፈለው። የሚጮኸው ኮምፕረሰር ውጭ ቀረ፣ ቅዝቃዜ የሚነፋው ክፍል ውስጥ ገባ፣ ሁለቱን ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች አገናኟቸው። ግድግዳው ላይ የሚያስፈልገው ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። በ1981 ደግሞ ያው ኩባንያ ኮምፕረሰሩ እንደ ሙቀቱ መጠን ፍጥነቱን የሚለዋውጥበትን ኢንቨርተር ለቤት መሣሪያዎች አቀረበ፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ቀነሰ።

ዛሬ በአሜሪካ ጓሮ ላለ ወርክሾፕ ወይም ወርክሾፕ ለሆነ ጋራዥ ብዙዎች የሚመርጡት ይህንኑ ለሁለት የተከፈለ መሣሪያ፣ ስፕሊትን ነው። ምክንያቱ ወጪ ብቻ አይደለም። የቤቱ ማቀዝቀዣ ቱቦ ወደ ጋራዥ ቢቀጠል ከዚያ የተሳበ አየር ጭስ፣ የቀለም ሽታና ብናኝ ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፤ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሞዴል ደንብም ከጋራዥ አየር ወስዶ ወደ መኖሪያ መመለስን ይከለክላል። ለብቻው የቆመ ስፕሊት ይህን ሥጋት አያመጣም።

ታዲያ ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቅ ለአንድ የውስጥና አንድ የውጭ ክፍል፣ ከነገጠማው፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር መባሉ የተለመደ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ግማሹን እንኳ አያወጣም። ቀሪው የሰው እጅ ዋጋ ነው፤ ለብቻው የሚዘረጋ የ240 ቮልት መስመርና ብሬከር፣ የውጭው ክፍል የሚቀመጥበት መደብ፣ የመዳቡ ቱቦ ዝርጋታና ቅጥያ፣ በመጨረሻም ቫኪዩሙ። የማቀዝቀዣው ጋዝ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆንና ኮምፕረሰሩን ይበላዋል። የብሩክሊንን ወረቀት ያበላሸው ጠላት እዚህም አድፍጦ ይጠብቃል። በአሜሪካ ሕግም ጋዙን መንካት የሚችለው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ነው። ይህን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሚዘለል ቫኪዩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሉ ኮምፕረሰር ያስገዛል።

ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ መሣሪያውም ሒሳቡም ያድጋል። እንጨት የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚያገኘው ለራሱ ዕረፍት ብቻ አይደለም። እንጨት እንደ ወረቀት ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሚያዝያ ልክ የገባ መሳቢያ በነሐሴ አልከፈት ይላል። ስለዚህ ጠንቃቃው አናጢ ግድግዳው ላይ የእርጥበት መለኪያ ይሰቅላል፣ መርፌውንም 50 በመቶ አካባቢ ለማቆየት ይጥራል፤ ካሪየር ለማተሚያ ቤቱ ካወጣው ቁጥር ብዙም አልራቀም።

የገዛው ስፕሊት ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ «12,000 ቢቲዩ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ቁጥር አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በአንድ ቀንና ሌሊት ሲቀልጥ በየሰዓቱ የሚወስደው ሙቀት ነው። አንድ ሙሉ ማተሚያ ቤት ለወረቀቱ ሲል 54 ቶን ገዝቶ ነበር፤ ጓሮው ውስጥ ብቻውን የሚሠራው አናጢ አንዷን ቶን ለእንጨቱም ለራሱም ገዝቷል።