«ትናንት ምን ሆነ?»

በየዶርማችን የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ። አንዱ ከክፍል ይመለስና ደብተሩን አልጋው ላይ ወርውሮ፥ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፥ «ትናንት ምን ሆነ?» ይላል። ስለ ዓለም ሁኔታ የጠየቀ እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ ምስጢሩን ለእናቷ ነገረቻት ወይስ አልነገረቻትም ማለቱ ነው። ያመለጠውን ክፍል የሚተርክለት ሰው አይጠፋም። ተራኪው እየተቆጣ ይተርካል፤ ሰሚውም አብሮ ይቆጣል። «ደራሲው አብዷል እንዴ? ባለፈው ወር እኮ ይቅር ብላዋለች! ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘና ነው?» ይባላል። በዚህ መኻል መጽሐፉን ደረቱ ላይ የዘረጋ አንድ አዋቂ ከማዕዘኑ አልጋ ቀና ይልና «የሥራ ፈት ወሬ!» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋዋል።

እኛ የተከታታይ ድራማ ወዳጆች በዚህ ፍርድ ብዙ ጊዜ አፍረን ዝም ብለናል። ዝምታው ግን ተገቢ አይመስለንም። አንድን ነገር ከመናቅ በፊት ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ሠራው፥ ለማንስ ጥቅም እንደ ተሠራ መመርመር የተማሪ ወግ ነው። ስለዚህ እስቲ የዚህን ድራማ ታሪክ ከተወለደበት ከአሜሪካ አንሥተን እንየው። የምናየው ግን ከደራሲው ጠረጴዛ ሳይሆን ከተመልካቹ ወንበር ላይ ሆነን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች በቀን የሚተላለፈውን ተከታታይ ድራማ «ሶፕ ኦፔራ» ይሉታል፤ የሳሙና ኦፔራ እንደ ማለት ነው። ስሙ ፌዝ ነው፤ ውሸት ግን የለበትም። በ1930 ኢርና ፊሊፕስ የምትባል የቀድሞ አስተማሪ በቺካጎው ደብልዩ ጂ ኤን ራዲዮ ጣቢያ «ፔይንትድ ድሪምስ» የተባለ የቤተሰብ ታሪክ ማቅረብ ጀመረች። የዚህ ዐይነት ድራማ መነሻ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። በ1933 ደግሞ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ ኦክሲዶል ለሚባለው የልብስ ሳሙናው ማስታወቂያ እንዲሆነው «ማ ፐርኪንስ»ን ደገፈ። ስሌቱ ቀላል ነበር። ቀን ቀን ራዲዮ የሚሰማው ማን ነው? ቤት የምትውል ሴት። ሳሙና የሚገዛውስ ማን ነው? ያችው ሴት። ታዲያ የዛሬው ታሪክ እንደ ተንጠለጠለ ከቀረ ነገም ራዲዮውን ትከፍታለች፤ ከከፈተች ደግሞ የሳሙናውን ስም ትሰማለች። ሳሙና ሻጩ የሚፈልገው መጨረሻ ያለው ታሪክ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ የማዕዘኑ አዋቂ እውነት አለው። ድራማው የተወለደው ለንግድ ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው በስሌቱ ውስጥ ያላስገባው አንድ ነገር ነበር። በየቀኑ 15 ደቂቃ፥ በሳምንት አምስት ቀን፥ ዓመት ከዓመት የአንድን ቤት ጉዳይ የሰማች ሴት ደንበኛ ብቻ ሆና አትቀርም፤ ዘመድ ትሆናለች። ዘመድ ደግሞ ይቆጣል፥ ይመክራል፥ «ለምን አልተነገረኝም?» ይላል። ፊሊፕስ በ1937 የጀመረችው «ጋይዲንግ ላይት» በ1941 ከአየር እንዲወርድ ሲደረግ አድማጮች ደብዳቤ አዘነቡ። ቁጥሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበርና ድራማው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሰ። ከዚያም በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ዘለቀ። ሲደመር 72 ዓመት ነው። አያት የጀመረችውን ታሪክ የልጅ ልጅ ጨረሰችው ማለት ነው።

«ማ ፐርኪንስ»ም ቢሆን 27 ዓመት ኖሯል። ባሏ የሞተባትን ያችን አስተዋይ እናት የተጫወተችው ቨርጂኒያ ፔይን ሥራውን ስትጀምር ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበረች። በኖቬምበር 25 ቀን 1960 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ፥ ገጸ ባሕርይዋን ትታ በራሷ ስም አድማጮቿን ተሰናበተች። ስንብት ያስፈለገው ከዚያኛው ወገን ያለው ሰው እንደ ዘመድ ስለሚቆጠር ነው።

ምሁራኑስ ይኸን ዝምድና እንዴት አዩት? ሁለት ሰዎችን እናንሣ። በ1942 ሉዊስ በርግ የተባለ የኒው ዮርክ የአእምሮ ሐኪም፥ እነዚህ ድራማዎች የአድማጮችን ጤና ያውካሉ ብሎ ጮኸ። ማስረጃህ ምንድን ነው ቢሉት፥ ድራማዎቹን እየሰማ የራሱን የደም ግፊትና የልብ ትርታ ለክቶ ኖሯል! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ግን ሄርታ ሄርዞግ የተባለች፥ ከኦስትሪያ የሄደች ተመራማሪ ቀላሉን ነገር አድርጋ ነበር። በኒው ዮርክ አካባቢ የሚኖሩ 100 ሴቶችን ሄዳ ጠየቀቻቸው። መልሳቸው በሦስት ተከፈለ። አንዳንዶቹ በሰው ኀዘን አሳብበው የራሳቸውን ያለቅሳሉ። አንዳንዶቹ ያላገኙትን ኑሮ በምኞት ይኖሩበታል። ሌሎቹ ደግሞ ባል ሲያመናጭቅ፥ ልጅ ሲያስቸግር ምን መደረግ እንዳለበት ይማሩበታል። ሄርዞግ አላሞካሸቻቸውም፤ ግን ሰማቻቸው። የማዕዘኑን አልጋ ባልደረባችንን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ቢኖር ይኸ ነው፦ የለካኸው የማንን የልብ ትርታ ነው?

አሁን ሁለት ታሪኮችን ጠጋ ብለን እንይ። ሁለቱም ከፊሊፕስ ዘንድ ሥራውን ከተማረችው ከአግነስ ኒክሰን እጅ የወጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የ1962 ነው። ኒክሰን ጓደኛዋ በማሕፀን ካንሰር ሞታባት ነበር። ስለዚህ የ«ጋይዲንግ ላይት»ዋ በርት ባወር ምርመራ ሄዳ በሽታው በጊዜ ሲገኝባትና ስትድን የሚያሳይ ታሪክ ልጻፍ አለች። ጣቢያውና ሳሙና ሻጩ በብዙ ጭቅጭቅ ፈቀዱ። ግን «ካንሰር» የሚለው ቃል እንዳይነሣ፥ «ማሕፀን»ም እንዳይባል፥ የቀዶ ጥገናውም ስም እንዳይጠራ ሲሉ አስጠነቀቁ። አስቡት እንግዲህ፤ የበሽታውን ስም ሳይጠሩ ስለ በሽታው ማስተማር! ኒክሰን ግን ጻፈችው፤ ተመልካቾቹም ገባቸው። ሐኪም ዘንድ ሄደው ለመመርመር የወሰኑ ሴቶች ነበሩ። በስም የማይጠራን ነገር በሰም ውስጥ ያለ ወርቅ አድርጎ መረዳት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በዚያም አገር ቢሆን «ሥራ ፈት» የተባለችው ሴት ፈትታዋለች።

ሁለተኛው በ1968 ይጀምራል። ኒክሰን በዚያ ዓመት «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» የተባለ የራሷን ድራማ ከፈተች። ካርላ የምትባል ወጣት ተዋናይት አንድ ነጭ ሐኪም ታጫለች፤ ኋላ ግን ልቧ ወደ አንድ ጥቁር ሐኪም ያደላል። ተመልካቹ ካርላን የሚያውቃት ነጭ ናት ብሎ ነው። ከጥቁሩ ሐኪም ጋር ስትሳሳም ስልኩ ተጨናነቀ፤ በቴክሳስ የሚገኝ አንድ ጣቢያም ድራማውን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሴዲ ግሬይ የምትባለውን፥ ሆስፒታሉ ውስጥ የምትሠራ ጥቁር ሴት፥ ካርላ «እማዬ» ብላ ጠራቻት። ለካስ ካርላ ራሷ ጥቁር ናት! መልኳ ፈካ በማለቱ ዘሯን ደብቃ ኖራለች። የተጫወተችውም ኤለን ሆሊ የተባለች ጥቁር ተዋናይት ነበረች።

እስቲ ስልክ ደውሎ የተቆጣውን ሰው አስቡት። ነጭ ሴት ጥቁር ወንድ ሳመች ብሎ ተቆጣ። ሲነጋ ደግሞ ሴትዮዋ ጥቁር መሆኗን ሰማ። ታዲያ አሁን የሚቆጣው በየትኛው ነው? ያለቀለት ሸንጎ ያላደረገውን፥ አንድ የቀን ድራማ ሰውን በገዛ ቁጣው መስተዋት ፊት አቆመው። ይኸ ሊሆን የቻለው ተመልካቹ ካርላን ለወራት በየቀኑ ሲያያት ስለ ኖረ፥ ስለ ለመዳትና ስላዘነላት ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ይኸን ማድረግ ይከብዳል።

ተመልካች ሁልጊዜ ትክክል ነው ልንል ግን አልተነሣንም። በዚህ ላይ ደግሞ ምስክሮቹ የእኛው ቢጤዎች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ላውንጅ በሰው ይጨናነቅ ነበር። ምክንያቱ በ1963 የተጀመረው «ጄኔራል ሆስፒታል» ነው። ድራማው ሊዘጋ ተቃርቦ ሳለ በ1978 ግሎሪያ ሞንቲ የምትባል አዘጋጅ ተረከበችውና ነፍስ ዘራችበት። ሉክና ሎራ የሚባሉት ፍቅረኞች በኖቬምበር 16 እና 17 ቀን 1981 ሲጋቡ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተ። ኤልዛቤት ቴይለር ሳትቀር መጥታ ተጫውታለች። በቀን ድራማ ታሪክ እንዲህ ያለ ሠርግ ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም።

ሠርጉ ግን ከበስተኋላው የሸፈነው ነገር ነበረው። በ1979 ሉክ ሎራን አስገድዶ ደፍሯት ነበር። ድራማው ውሎ አድሮ ነገሩን የፍቅር መነሻ አስመስሎ አለዘበው፤ ሰዉም አጨበጨበ። እኛም በዚያ ላውንጅ ውስጥ ብንኖር ኖሮ ሳናጨበጭብ እንቀር ነበር ብለን አንምልም። ያላጨበጨቡ፥ «ኧረ ይኸ ነገር ልክ አይደለም» ያሉም ነበሩ። ድራማው ሂሳቡን ያወራረደው በ1998 ነው። ለኪ የሚባለው ልጃቸው የአባቱን ሥራ ሰማ፤ ሉክም ሎራም ያን ሌሊት በስሙ መጥራት ግድ ሆነባቸው። ከደፈራው 19 ዓመት አልፎታል። ልብ በሉ፤ ልብ ወለድ መጽሐፍ ቢሆን በሠርጉ ያልቅ ነበር። የማያልቅ ታሪክ አንድ መከራ አለው፤ የሸሸው ነገር መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ዓመት የማይረሳ ተመልካችም አለው።

የዶርማችን ቁጣም ምንጩ ይኸው ነው እንላለን። «ባለፈው ወር እኮ ይቅር ብላዋለች!» የሚለው ልጅ ድራማውን ከእውነት አላምታታም። ደራሲ መጥቶ ይሄዳል፤ ተዋናይ ይለወጣል፤ አዘጋጅ ይሻራል። የትናንቱን ይዞ የሚቆየው ተመልካቹ ነው። ሲቆጣ ደራሲውን የጻፍከውን አስታውስ ማለቱ ነው። ይኸ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ሂስ ተብሎ ማርክ ይያዝበታል።

ሂሱ ኃይል አለው ወይ ለሚለን መልሱ መራራ ነው። በኤፕሪል 2011 ኤቢሲ «ኦል ማይ ችልድረን»ንና «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ»ን፥ ሁለቱንም የኒክሰን ሥራዎች፥ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ተመልካቾች እንደ 1941ዱ ጻፉ፥ ደወሉ፥ ሰልፍ ወጡ። ሁቨር የተባለው የወለል መጥረጊያ ማሽን ኩባንያ ሳይቀር ማስታወቂያዬን አንሥቻለሁ አለ። አልተሰሙም። ቀን ቤት የሚውለው ሴት ቁጥር ከቀነሰ ቆይቷል፤ በብዙ ተዋናዮች ከሚሠራ ድራማ የምግብና የጤና ወሬ በርካሽ ይዘጋጃል። «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ»ን የተካው ፕሮግራም ስሙ «አብዮት» ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በ1941 ደብዳቤው የተሰማው ጸሐፊዋ ሳሙና ገዢ ስለ ነበረች መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀን። ዘመድነቷ በነጋዴው መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ፈጽሞ አልሞተም። በ2025 ሲቢኤስ አንድ ጥቁር ቤተሰብን ማዕከል ያደረገ «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተባለ አዲስ የቀን ድራማ ጀመረ። ካርላ ዘሯን ከደበቀች ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎታል።

እኛም አገር ይኸ ታሪክ ሳይነካን አላለፈም። በ1970ዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ አዘጋጅ ተከታታይ ድራማን ከሳሙና መሸጫነት ወደ ማስተማሪያነት አዞረው። በዚያ መንገድ የተዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ2002 እስከ 2004 በራዲዮ ሲተላለፍ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያነሣ ነበር። ደብዳቤ የጻፉ አድማጮች ከሺህ በላይ ሺዎች ነበሩ። ገጸ ባሕርያቱን እየመከሩ፥ እየገሠጹ የጻፉላቸው ሰዎች የማን ዘመዶች እንደ ሆኑ አሁን ግልጽ ይመስለናል።

ይኸን ጽሑፍ ስናጠናቅቅ ከነበርንባቸው ምሽቶች በአንዱ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በጊዜ ተጋደምን። ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ከማዕዘኑ አልጋ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ስሙማ… ልጅቷ ለእናቷ ነገረቻት እንዴ?»

ማንም አልሳቀበትም። ተነሥተን ነገርነው።