የቫይረሱና የባክቴሪያው አራሚ

የሕግ ሰው ባዮሎጂ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ የስህተት እርማት ጉዳይ በመሆኑ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ሕግ ነው እንበል። ከፊደላቱ አንዱ፣ ሳይቶሲን፣ ማንም ሳይነካው በውኃ ምክንያት ብቻ ዩራሲል ወደሚባል ባዕድ ፊደል ይለወጣል። ካልታረመ ሕዋሱ ሲባዛ ስህተቱ ይጸናል። ይህን ባዕድ ፊደል ነቅሎ የሚያወጣው ኢንዛይም ዩራሲል ዲኤንኤ ግላይኮሲሌዝ ይባላል። ስዊድን የተወለደው ቶማስ ሊንዳል እ.ኤ.አ. በ1974 ኢ. ኮላይ ከተባለው ባክቴሪያ አገኘው። በዲኤንኤ ጥገና ምርምሩም በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣው ኸርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስም የራሱ አራሚ አለው። ቅርጹ በ1995 ታወቀ፤ የባክቴሪያው ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ተከተለ። ጎን ለጎን ሲታዩ ዩራሲል የሚገባበት ኪስ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በባክቴሪያው 66ኛ፣ በቫይረሱ 90ኛ ላይ ያለው ታይሮሲን እንደ ዘበኛ ቆሞ ታይሚን እንዳይገባ ይከለክላል። አስፓራጂን (123ኛ እና 147ኛ) ዩራሲልን ከሳይቶሲን ይለያል። አስፓርቲክ አሲድ (64ኛ እና 88ኛ) እና ሂስቲዲን (187ኛ እና 210ኛ) ባዕዱን ፊደል ከስኳሩ ያላቅቁታል። ቦታቸው በቁጥር ይለያይ እንጂ ሥራቸው ያው ነው።

ኪሱ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ በ1996 በሰው ኢንዛይም ላይ የተደረገ ሙከራ ያሳያል። ዘበኛው ታይሮሲን በትንሹ አላኒን ሲተካ ኢንዛይሙ ትክክለኛውን ታይሚን መንቀል ጀመረ። አንድ ቃል ሲለወጥ አራሚው አጥፊ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1994 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ይህ ኢንዛይም የሌለው የኸርፒስ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተዳክሞ ታይቷል። ስለዚህ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት መፈለግ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን ያው ኪስ በእኛም ሕዋስ ውስጥ አለ። ፒቢኤስ2 የተባለው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ የሚሠራት አንዲት ትንሽ ፕሮቲን የባክቴሪያውንም፣ የኸርፒሱንም፣ የሰውንም ኢንዛይም ታግዳለች። ጠላትን ከወዳጅ አትለይም።

ሆኖም ቫክሲኒያ የተባለው የፈንጣጣ ዘመድ ቫይረስ ኢንዛይም ለዚህች ፕሮቲን አይበገርም። በኪሱ ዙሪያ ያለው ገጽታው ይለያልና። በእኔ አስተያየት መድኃኒት ፈላጊው ማየት ያለበት ኪሱን ሳይሆን ይህንን ዙሪያውን ነው። በችሎትም ቢሆን ጭብጣቸው አንድ የሆኑ ሁለት ጉዳዮችን የሚለያቸው በዙሪያቸው ያለው ፍሬ ነገር ነው።