ታንኳ
ቁስ፦ ደንገል፣ የዛፍ ልጥ፤ መቅዘፊያው ቀርቀሃ
ዘመን፦ ሥሪቱ ከጥንት የወረደ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ
መገኛ፦ ጣና ሐይቅ

የጣና ገዳማት መነኮሳትና ምእመናን፣ እንዲሁም የወይጦ ዓሣ አስጋሪዎች፣ እህልና ማገዶ ጭነው ከደሴት ወደ የብስ ሲመላለሱበት የኖሩት ይህ ታንኳ፣ ያለ አንዳች ምስማር በደንገልና በልጥ ብቻ የታነጸ ነው። ታንኳው ለእይታ በቀረበበት፣ ሐይቅ በሌለበት በጉለሌ ደጋ ቆሞ የሚመለከተው ጎብኚ፣ የተቈረጠውን የደንገል ጫፍ ልብ ብሎ ቢያየው፣ ልስልሱ ውስጡ በጥቃቅን የአየር ክፍተቶች የተሞላ መሆኑን ያስተውላል፤ ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ስለ ሆነ፣ ውኃ ቢገባበት እንኳ እንደ ተቀደደ የብረት ጀልባ ወዲያው አይሰጥምም። በመካከሉ ከፍ ብሎ የተነጠፈው የደንገል ነዶ ተሳፋሪውንና ጭነቱን ከሚሰርገው ውኃ ይለያል።

ሆኖም ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣልና፣ ባለቤቱ ከጉዞ መልስ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ካላደረቀው በቀር ይከብዳል፣ ፈጥኖም ይበሰብሳል፤ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ይህን ዘወትራዊ እንክብካቤ የታንኳ ባለቤቶች የጠበቁት ማንም ሳያዛቸው መሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል። ዛሬ በጣና በሞተር ጀልባ የሚሳፈር ሰው የሚለብሰው የሕይወት አድን ጃኬትም እንደ ደንገሉ ሁሉ ሰውነትን የሚያንሳፍፈው አየር ባዘለ ስፖንጅ ነው፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ታንኳው ጥንቃቄ ይሻል፤ በለባሹ ልክ ተመርጦ፣ ማሰሪያው ከመነሻው ጠብቆ ካልታሰረ ከትከሻ ይወልቃል።

የጣና ደንገል ከሐይቁ አልፎ ውቅያኖስም ተሻግሯል፤ በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» እና «ራ 2» የተባሉትን መርከቦች ያሠራው ከጣና በተጓጓዘ ደንገል ነበር፤ ሁለተኛይቱ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን በመሻገር ባርቤዶስ ደርሳለች።