ሰጋቱራ ስኳር እንዲሆን የትኛውን በር እንክፈት?

ከመኖሪያዬ አጠገብ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ በየሳምንቱ በጆንያ ይወጣል። ከፊሉን ለሰጋቱራ ምድጃ የሚፈልጉ ሰዎች ይወስዱታል፤ የቀረው ይጣላል። በቅርቡ የኬሚካል መሐንዲስ የሆነው የእህቴ ልጅ ክምሩን አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ስኳር ነው» አለኝ። ሕግ የተማረ ሰው ያለ ማስረጃ አያምንምና ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ልጁ አልተሳሳተም። ከደረቅ እንጨት ከመቶ 40 እስከ 45 ያህሉ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ እርስ በርሱ የተያያዘ ግሉኮስ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሄሚሴሉሎስ የሚባለው የሴሉሎስ ዘመድና ሊግኒን የተባለው ማጣበቂያ ነው። በግንበኛ ቋንቋ ሴሉሎሱ ፌሮ፣ ሊግኒኑ ሲሚንቶ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ጠላ ሲጠመቅ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። በእንጨት ላይ ግን ኢንዛይሙ ግድግዳውን አልፎ ሴሉሎሱ ጋ አይደርስም። አገራችን በ2001 ዓ.ም. ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምር ኤታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነበር፤ ሞላሰስ ስኳሩ የተዘጋጀ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። ባዮሪፋይነሪ፣ ማለትም ድፍድፍ ነዳጅ እንደሚጣራው ሁሉ እንጨትን ለያይቶ ነዳጅና ኬሚካል የሚያወጣ ፋብሪካ፣ አስቀድሞ ግድግዳውን መስበር አለበት። ቅድመ ዝግጅት የሚባለው ይኸው ነው።

በሮቹ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1819 በአሲድ ከእንጨት ስኳር አውጥቷል፤ ሶቭየት ኅብረትም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከእንጨት ተረፈ ምርት አልኮል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነበሯት። በዛሬው የተለመደ ዘዴ ሰጋቱራው ከመቶ 1 ያህል አሲድ ባለበት ውሃ ከ140 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሄሚሴሉሎሱ ይሟሟል፣ ሴሉሎሱ ይጋለጣል። ሙቀቱ ወይም ሰዓቱ ከበዛ ግን ስኳሩ ራሱ ተበላሽቶ ፈርፉራል ይሆናል፤ ይህም እርሾውን ያዳክማል።

ሁለተኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሊግኒኑን ያሟሟል። ሦስተኛው አልኮልና ውሃ ነው፤ ሊግኒኑን ንጹሕ አድርጎ ያወጣል፣ አልኮሉ ተመልሶ ካልተሰበሰበ ግን ኪሳራ ነው። አራተኛው ሰልፋይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በኖርዌይ ሳርፕስቦርግ የተቋቋመው ቦሬጋርድ በዚህ በር ገብቶ ከ1938 ጀምሮ ኤታኖል፣ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ከሊግኒን ቫኒሊን ያመርታል። ከዚህ የምንማረው አልኮሉን ብቻ ሳይሆን «ሲሚንቶውንም» መሸጥ እንደሚገባ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። አሲዱ በኖራ ሲረክስ እያንዳንዱ ኪሎ አሲድ 1.75 ኪሎ ያህል ጂፕሰም ይተዋል። ይህን ማን ያነሳዋል? በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ የታከመ አሮጌ ምሰሶ ከሰጋቱራው ጋር ከተደባለቀስ? መርዙ ከአሲዱ ጋር ተሟሙቶ ይወጣል። ደግሞስ «ቆሻሻ» የምንለው ሰጋቱራ የአንዲት እናት ማገዶ ሲሆን ፋብሪካው ምን ሊተካላት ነው?

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያስቀመጠው መርህ ቀላል ነበር፤ ግምገማው ከሥራው ይቅደም የሚል። ስለዚህ አንድ ባለሀብት የእንጨት ተረፈ ምርትን ነዳጅ አደርጋለሁ ብሎ ሲመጣ፣ ስንት ሊትር ታመርታለህ ከማለታችን በፊት በየትኛው በር ትገባለህ፣ የተጠቀምክበትንስ ኬሚካል የት ታደርሰዋለህ ብለን እንጠይቀው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላሉ አበው።