የላዳ ኳኳታ፦ ከቱሪን እስከ ፒያሳ

አሮጌ ላዳ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ጨዋታ የጀመረ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ክሩስኮቱ ይንኳኳል፤ በሩ ይንቀጫቀጫል፤ መስታወቱ ይዘፍናል። እኛም እንቀልድባታለን። እስቲ ዛሬ ቀልዱን ትተን የኳኳታውን ታሪክ እንይ።

ነገሩ የሚጀምረው ጣሊያን ነው። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ገበያ ላይ ዋለች፤ በቀጣዩ ዓመትም የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። በዚያው በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋዋለችና ቮልጋ ዳር ፋብሪካ መገንባት ተጀመረ። የከተማዋ ስም ቶሊያቲ ነው፤ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ የተሰየመች። የሶቪየት መሐንዲሶች መኪናዋን በራሳቸው መንገድ ሲፈትኗት ኮረኮንች እንደማትችል አዩ። ስለዚህ አካሏን አጠናከሩ፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በድራም ቀየሩት። ምርቱ በ1970 ተጀመረ።

ልብ በሉ፤ የተጠናከረው በዋናነት ብረቱና እግሯ ነው። ውስጧ ግን ፕላስቲክ፣ ስስ የበር ልባስና ትንንሽ መያዣዎች ናቸው። ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፤ ጎማው ይጠነክራል፤ መንገዱ ብሎኑን ያላላል። ሁለት ደረቅ ነገሮች መሐል ክፍተት ሲፈጠር ይጋጫሉ፤ ኳኳታ ማለት ይኸው ነው። ሲፋተጉ ደግሞ ሲጥ ሲጥ ይላሉ።

አዲስ አበባ ‹‹ሰይቼንቶ›› ስትላት በነበረችው ፊያት 600 ቀድማ ታክሲ ለምዳ ነበር። በደርግ ዘመን ላዳ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ተተካች። የሚገርመው፣ መኪናዋ ከሩሲያ ብትመጣም ጋራዥ ስትገባ የጠበቃት ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። ክሩስኮትም ከዚያው ነው። ሳታውቀው ወደ እናቷ ቋንቋ ተመለሰች ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱም ርካሽ ነው። መጀመሪያ ኪሱንና ፖርቶመጋላውን ባዶ ማድረግ፤ ስንቱ ኳኳታ የተረሳ መፍቻ መሰላችሁ! ከዚያ አንድ ሰው ይነዳል፣ ሌላው ክሩስኮቱንና በሩን በመዳፉ እየተጫነ ይሄዳል። ሲጫኑት ዝም ያለው ቦታ ጥፋተኛው ነው። የላላውን ብሎን ማጥበቅ፣ የተሰበረውን መያዣ መተካት፣ በክፍተቱ ውስጥ የከመነዳሪ ቁራጭ ወይም ወፍራም ጨርቅ መለጠፍ ነው። ካርቶን ብዙ ሰው ይወትፋል፤ ግን ውኃ ሲነካው ይሟሽሻል።

‹‹ታዲያ ለኳኳታ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?›› ትሉ ይሆናል። በሩ ሁልጊዜ የሚጮህበት ሾፌር ከሥር የላላ የመሪ ማያያዣ ሲያንኳኳ አይሰማም። የውስጡ ጫጫታ የሚገድለውን ድምፅ ይሸፍናል። ኳኳታውን ማጥፋት መኪናዋን መልሶ መስማት ነው።

ደግሞም አሮጌ መኪናን መጣል ቀላል አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ላዳዎቹ ከጎዳናው እየተመናመኑ ናቸው። በእነሱ ላይ የተማረው እጅ ግን ገና ብዙ ሥራ አለው፤ ዛሬ አዲስ የምንላትም መኪና ነገ መንኳኳቷ አይቀርምና።