ከሚያዝያ 27 በኋላ ስንት ሰዓት ነበር?

አሮጌ የጦር ሠራዊት የኪስ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ያደላቸው ሰዓቶች ጀርባቸው ላይ «ጂ ኤስ ቲ ፒ» የሚሉ ፊደላት፣ ተራ ቁጥርና የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት አለች። ቀስቷ «የመንግሥት ንብረት» ማለት ናት። የሠሯቸው ግን እንደ ሲማና ሄልቬሺያ ያሉ የስዊስ ፋብሪካዎች ናቸው።

ታዲያ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? ዱቦ የተወለደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ያለውን ሰዓት ከአያቱ ሣጥን አግኝቶ «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» አለኝ። ዱቦ ወላይታ ውስጥ፣ ከአረካ ብዙም የማትርቅ፣ በካቶሊክ ሚሲዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ የምትታወቅ ስፍራ ናት። እኔም «አያትህ ከማን፣ መቼ አገኙት?» ብዬ መለስኩለት። አያውቅም።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የድል በዓላችንም ያው ነው። በዚያ ዕለት ግን ሶዶ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ግንቦት 11 ቀን ቢላቴ ወንዝ ላይ፣ ቁሊቶ አጠገብ፣ የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከጣሊያን ታንኮች ጋር ተናነቀ። ሳጅን ናይጄል ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ተኮሰ፤ እዚያው ወደቀ። በኋላም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። ሶዶ የተያዘችው ግንቦት 14 ሲሆን፣ ሁለት የጣሊያን ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራሎች ተማረኩ። በወላይታ ሰዓት ድሉ 17 ቀን ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው።

የሊኪ ስም ተጽፏል። አብረውት የተዋጉት ጥቁር አስካሪዎች፣ መሬቱ ላይ ጦርነት ያለፈበት ገበሬ፣ እነሱስ? የእነሱ ታሪክ ያለው አብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ነው። የተማሪዬ አያት ሰዓቱን ከወታደር በስጦታ አግኝተውት ይሆናል፤ ከጦርነቱ በኋላ ገበያ ገዝተውትም ይሆናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ተራ ቁጥሩ ደግሞ አይነግረንም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ነጋዴው የሚገዛን ብረቱን ነው፤ የሰዓቱን ነገር የሚያውቁት አክስት ግን ከእሱ ጋር አብረው አይሸጡም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በጨለማ ያበሩ የነበሩ የዚያ ዘመን ሰዓቶች ቀለማቸው ራዲየም አለበት። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ገና ብዙ መቶ ዓመታት ይቆያልና መስታወቱን ከፍታችሁ አትጥረጉ።

ሣጥን ውስጥ ሰዓት፣ ኒሻን ወይም የጦር ኮዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ። የሰማችሁትን በወላይትኛም ሆነ በአማርኛ በወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ። ከዚያ ብትሸጡትም ወረቀቱ ይቅርላችሁ።